አክስቴና የፈረንሳይ ግንቦች

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017፤ ቮ ለ ቪኮንት

አክስቴ የኤፍልን ማማ አንዴ ቀና ብለው አዩትና በቃቸው። «ብረት ነው» አሉ። «ሰው የኖረበትን ቤት አሳየኝ እንጂ።» ጎንደር ተወልደው፣ ከፋሲል ግንብ አጠገብ ሱቅ ከፍተው ያረጁ ሴት ናቸው፤ በሕንፃ በቀላሉ አይደነቁም። የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ቀን ስለሆነ ዶሮአችንን በልተን ከሰዓት በኋላ ወጣን።

ቮ ለ ቪኮንት ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እስከ መለን በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ ነው። ያሠራው ኒኮላ ፉኬ የወጣቱ የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሹም ነበር። (የታሪኩን ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የእኛን ለዕለቱ ብቻ።) ፉኬ ሰው መምረጥ ያውቅ ነበር፤ ሕንፃውን ለ ቮ፣ ሥዕሉን ለ ብረን፣ አትክልቱን ለ ኖትር ሠሩለት። ነሐሴ 17 ቀን 1661 ንጉሡን ጠርቶ ግብር አበላ። የሞልዬር አዲስ ቴአትር ታየ፤ ርችት ተተኮሰ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መስከረም 5 ቀን ታሰረ። ያሰረው ዳርታኛን ነው፤ በልብ ወለድ የምናውቀው ሰው በእውነትም ነበረ። ዳኞቹ ከአገር ይውጣ ብለው ፈረዱ፤ ንጉሡ ግን አከበደውና ዕድሜ ልክ እስራት አደረገው። ፉኬ በ1680 እዚያው እስር ቤት ሞተ። የግድግዳ ምንጣፉን፣ ሐውልቱን፣ የብርቱካን ዛፉን ሳይቀር ንጉሡ ወሰደው። ሦስቱንም ባለሙያዎች ወስዶ ቬርሳይ ላይ አሠራቸው።

ይህን ሁሉ እየተረጎምኩ ስነግራቸው አክስቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ንጉሥ ጠርቶ ከንጉሥ በላይ ማብላት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?» የታሪክ ሰዎች ነገሩ ከግብሩ በፊት የተቆረጠ ነበር፣ ተቀናቃኙ ኮልቤር የፉኬን ሒሳብ ለንጉሡ ሲያሳይ ነው የከረመው ይላሉ። አክስቴን ግን ይህ አላሳመናቸውም።

አትክልቱ ውስጥ ለ ኖትር ሰውን ይጫወትበታል። ከቤቱ ደረጃ ላይ ቆመህ ስታይ ሁሉም ነገር ቅርብና የተገጣጠመ ነው። መሄድ ስትጀምር መሬቱ እያዘቀዘቀ፣ ከላይ ጨርሶ ያልታየህ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የውኃ ቦይ ድንገት ከፊትህ ይዘረጋል። ለመሻገር ዞሮ መሄድ ነው። «እዚህ ጋ ነው ብለኸኝ!» አሉ አክስቴ፤ ጥፋቱ የለ ኖትር መሆኑን ለማስረዳት አልሞከርኩም። በበጋ ቅዳሜ ማታ ማታ ሁለት ሺህ ሻማ ይበራል። በጉልበታቸው የተነሣ ቅር ያላቸው መስለውኝ ነበር፤ ሻማው ሲበራ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

ፉኬን ሁሉም ያነሣዋል። እኔን የገረመኝ ግን አልፍሬድ ሶሚዬ ነው። ስኳር አጣሪ ነበር፤ በ1875 ቤቱን በጨረታ ሲገዛው ዕቃ የሌለበት ባዶ፣ ግቢው ጫካ ነበር። እሱና ልጆቹ መልሰው አቆሙት። ዘሮቹ በ1968 ለሕዝብ ከፈቱት፤ ዛሬም በእጃቸው ነው። ፉኬ አሠራው ይባል፤ ያኖረው ስኳር ነጋዴው ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤቴ አክስቴን ሊጠይቁ መጡ። ቡና አፈላን። ግንብ ልናይ እየዞርን መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ፤ የአጎታቸው ልጅ ገጠር ውስጥ ከአያት የወረደ ትንሽ ሻቶ አለው አሉ። ለሠርግ ያከራየዋል፤ ሁለት ክፍል ለእንግዳ ማደሪያ አድርጓል፤ የወጥ ቤቱ ጣሪያ ግን እስካሁን ያፈሳል። «ግድግዳ ይታገሣል፣ ጣሪያ ግን አይታገሥም» ነው የሚሉት። ጠፍጣፋ የድንጋይ ክዳኑን የሚያውቅ ሠራተኛ ማግኘት አንድ ነገር፣ መክፈል ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳይ እንዲህ ያለውን ቤት ለመርዳት ከ2018 ጀምሮ ልዩ ሎተሪ ታወጣለች፤ ከሽያጩ ገቢ የሚፈርስ ቅርስ ይታደሳል።

አክስቴ ስተረጉምላቸው «ቁማር ነው እንግዲህ» አሉ። ቀጠሉና ግን «ለጣሪያ ከሆነ ግድ የለም» ብለው ፈቀዱ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14፤ ሻምቦር

ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ እስከ ብሏ በባቡር፣ ከብሏ በአውቶቡስ። የግቢው አጥር 32 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደኑ የፓሪስን ከተማ ያህላል። አውቶቡሱ አጥሩን አልፎ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው ሕንፃው የሚታየው። ከ400 በላይ ክፍል፣ 282 የእሳት ማንደጃ አለው። ጣሪያው በጭስ መውጫና በማማ ከመሞላቱ የተነሣ ሌላ ከተማ ከላይ የተጫነበት ይመስላል።

ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1519 ሲያስጀምረው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። በ32 ዓመት ንግሥናው እዚህ ያደረው 72 ሌሊት ገደማ ነው። ለአደን ይመጣል፣ አጃቢው በሺህ ይቆጠራል፣ አልጋውና ምንጣፉ በጋሪ አብሮ ይመጣል፤ ሲሄድም ሁሉም ተጠቅልሎ አብሮ ይሄዳል። አክስቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ሰባ ሁለት ሌሊት? እንግዲያው ባለቤቱ ጠራጊው ነዋ!»

መሐል ላይ ያለው ደረጃ ዝነኛ ነው። ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች በአንድ ባዶ ምሰሶ ዙሪያ እየተጠማዘዙ አብረው ይወጣሉ፤ በአንደኛው የሚወጣና በሌላኛው የሚወርድ ሰው በመሐል መስኮቶቹ ይተያያል እንጂ አይገናኝም። አሳቡ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው ይባላል። ሊዮናርዶ የመጨረሻ ሦስት ዓመቱን እዚሁ አቅራቢያ አምቧዝ ኖሮ፣ ግንባታው ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት በግንቦት 1519 ነው የሞተው። አክስቴን በአንዱ አስጀምሬ እኔ በሌላው ወጣሁ። በመስኮቱ ባዩኝ ቁጥር «አንተ! በየት ነው የምትመጣው?» ይላሉ፤ ድምፃቸው በድንጋዩ ውስጥ ያስተጋባል። ፈረንሳዮቹ ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸው ይስቃሉ።

ከዚያ ወዲያ የሻምቦር ታሪክ የባዶ ቤት ታሪክ ነው። ሞልዬር በ1670 አዲስ ቴአትሩን ለሉዊ 14ኛ አሳየበት፤ በአብዮቱ ዘመን ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ። በ1821 በሕዝብ መዋጮ ተገዝቶ ለሕፃኑ ልዑል አንሪ ተሰጠ፤ ልዑሉ በስደት ስላደገ ቤቱን ያየው በ1871 ብቻ ነው። ያኔ ዘውዱ ሊመለስለት ጥቂት ቀርቶት ነበር። እሱ ግን ሦስት ቀለም ያለውን ሰንደቅ ዓላማ አልቀበልም፣ የአያቶቼ ነጭ ባንዲራ ነው አለ። ዘውዱ ቀረ። ንጉሥ ሆኖ ሲገባ ይነዳባቸዋል ተብለው የተሠሩት ሠረገላዎች ሳይነዱ እዚያው ቆመዋል፤ ቆዳቸው ያብረቀርቃል። በ1930 መንግሥት ገዛው። በ1939 ጦርነቱ ሲቃረብ ከሉቭር የሸሹት ሥዕሎች፣ ሞናሊዛ ሳትቀር፣ በመጀመሪያ የተጠለሉት እዚህ ነው። በእኔ ግምት ቤቱ ለቁም ነገር የዋለው ያኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15፤ ሸኖንሶ

ይህን ቤት አክስቴ ወደዱት። ከቱር ከተማ የሚነሣው ባቡር በሩ ላይ ያወርዳል ማለት ይቻላል። ግንቡ የተሠራው ሸር በተባለው ወንዝ ላይ ነው፤ ከወንዝ ዳር ሳይሆን ከወንዙ በላይ።

የሴቶች ቤት ይሉታል፤ እውነትም ነው። ከ1513 እስከ 1521 ሲገነባ ባለቤቱ ቶማ ቦዬ በጣሊያን ዘመቻ ስለነበር ሥራውን የመራችው ሚስቱ ካትሪን ብሪሶኔ ናት። በ1547 ንጉሥ አንሪ ዳግማዊ ሃያ ዓመት ያህል ለምትበልጠው ውሽማው ለዲያን ደ ፗቲዬ ሰጣት። ዲያን ድልድዩን ዘረጋችበት። በ1559 ንጉሡ በፈረስ ግጥሚያ ጦር ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ሲሞት፣ ሕጋዊ ሚስቱ ካትሪን ደ ሜዲሲ ጊዜ አላጠፋችም፤ ዲያንን ሾሞን የሚባል ሌላ ግንብ ሰጥታ ከዚህ አስወጣቻት። በድልድዩም ላይ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ሠራችበት። ሁለቱ ሴቶች የተከሏቸው አትክልቶች ዛሬ ከመግቢያው ግራና ቀኝ ተፋጠው አሉ። አክስቴ የዲያንን ዞረው ካዩ በኋላ የካትሪንን መረጡ። «የሚስትየዋ ይሻላል» አሉ፤ አበባውን ይሁን ሌላውን አልጠየቅኋቸውም።

ላይኛው ፎቅ ላይ የሉዊዝ ደ ሎሬን ክፍል አለ። ባሏ አንሪ ሦስተኛ በ1589 ሲገደል እዚህ መጥታ በሐዘን ቀረች። የነገሥታቱ የሐዘን ልብስ ነጭ ነበር፤ እሷ ነጭ ለብሳ ክፍሉን ግን ጥቁር አስቀባችው፤ ጣሪያው ላይ የብር ቀለም ያላቸው የእንባ ጠብታዎች ተሥለዋል። አክስቴ አማተቡ።

ብዙ የቆየነው ግን ወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ከድልድዩ እግሮች ውስጥ ነው ያለው፤ ስንቅ የጫነ ጀልባ ከታች ይጠጋና ዕቃው በቀጥታ ይገባል። የሥጋ መስቀያው መንጠቆ፣ በመጥረቢያ ብዛት መሐሉ የጎደጎደ የሥጋ መክተፊያ ግንድ፣ በመጠን የተደረደረ የመዳብ ድስት፣ የዳቦ ምድጃ፤ አክስቴ አንድ በአንድ አዩት። የድስቱን ጆሮ ነክተው ከዘበኛው ዓይን ገጠሙ። መስኮቱ ስር ወንዙ ይሄዳል። «ውኃ የሚቀዳ ሰው አላስቸገሩም» አሉ፤ ከአፋቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። ትልቁ የብረት ምድጃ የቅርብ ጊዜ ነው። ቤቱ በ1913 ወደ ሜኒዬ ቤተሰብ፣ ወደ ቸኮሌት ፋብሪካዎቹ ባለቤቶች፣ እጅ ገብቶ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አዳራሹን በራሳቸው ገንዘብ ሆስፒታል አደረጉት። 2,254 ቁስለኞች ታክመውበታል። አልጋ ላይ የተኙት ወታደሮች በመስኮቱ ዓሣ ያጠምዱ ነበር ይባላል።

በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ የሸር ወንዝ የድንበር መስመር ሆነ። የአዳራሹ ሰሜን በር ጀርመን በያዘው በኩል፣ ደቡብ በሩ ነፃ በተባለው በኩል። ከ1940 እስከ 1942 ድረስ በዚህ አዳራሽ ያመለጡ አሉ። ከጥቁርና ነጭ ንጣፉ ላይ ከበር እስከ በር ሄድኩበት፤ ደቂቃ አይፈጅም። በአብዮቱ ዘመን ቤቱን ያዳኑት ማዳም ዱፓን የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ለጎረቤት ደግ ስለነበሩ ገበሬው አልነካባቸውም ይባላል፤ በአካባቢው ሌላ ድልድይ ስላልነበረ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም ይሆናል እላለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16፤ አምቧዝ

ጾም ስለሆነ ዳቦና ቲማቲም ይዘን ነው የወጣነው። ከግንቡ ላይ ሏር ወንዝ ሰፊ ሆኖ ይታያል። ሻርል ስምንተኛ በ1498 የኳስ ጨዋታ ሊያይ ሲሮጥ ግንባሩን ከዝቅተኛ የበር ጉበን ጋር አጋጭቶ የሞተው እዚህ ነው። የሊዮናርዶ ነው የሚባለው መቃብርም በትንሿ ጸሎት ቤት ውስጥ አለ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ይጋፋል።

አትክልቱ ጥግ ላይ ግን ማንም የለም። የአልጄሪያው አሚር አብደልቃድር ፈረንሳዮችን ለዓመታት ተዋግቶ በ1847 እጁን ሲሰጥ፣ ወደ እስክንድርያ ወይም ወደ አክሬ ትሄዳለህ ተብሎ ቃል ተገብቶለት ነበር። ቃሉ ታጠፈና ከቤተሰቡና ከተከታዮቹ ጋር ታስሮ ከ1848 እስከ 1852 በዚህ ግንብ ኖረ። አብረውት ከነበሩት 25ቱ ሞተው ተቀብረዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው ይባላል። በ2005 አልጄሪያዊ ሠዓሊ ረሺድ ቆረይሺ ለእያንዳንዳቸው የድንጋይ መታሰቢያ ሠራላቸው። አክስቴ ስለ ልዑል ዓለማየሁ አነሡ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ ውበት አልተነጋገርንም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6፤ አንዳይ

ለዚህኛው ነው ገንዘብ ያጠራቀምኩት። አንዳይ የፈረንሳይ መጨረሻ ናት፤ ወንዙን ሲሻገሩ እስፔን ነው። ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ፍልሰታ ስለገባ አክስቴ ቆሎአቸውን በሻሽ ቋጥረው ይዘዋል፤ የባቡሩ መክሰስ ሁሉ አይብና የአሳማ ሥጋ ነው።

የአባዲያ ግንብ ከውቅያኖሱ በላይ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ዕድሜው ከሏር ግንቦች ጋር አይወዳደርም፤ በ1864 ነው የተጀመረው፣ ንድፉ የቪዮሌ ለ ዱክ። ባለቤቱ አንትዋን ዳባዲ አባቱ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት፤ በ1810 ደብሊን ተወለደ። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1848 በዘመነ መሳፍንት ኢትዮጵያ ኖረ። አርኖ ጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ አብሮ ዘመተ። አንትዋን ተራራ ለካ፣ ቋንቋ መዘገበ፣ ብራና ሰበሰበ፤ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የጎሹ ስም ሲነሣ አክስቴ ነቃ አሉ። «ጉር አምባ ላይ ካሣ የገደላቸው?» አዎ፣ እሳቸው ናቸው።

ከውጭ በግድግዳው ላይ የድንጋይ አዞ፣ እባብ፣ ዝንጀሮ ይንጠለጠላል። ከበሩ በላይ በአየርላንድ ቋንቋ እንኳን ደህና መጣችሁ ተብሎ ተጽፏል። ገባ ሲሉ የአገራችን ሰዎች ግድግዳው ላይ ተሥለው ይቀበሉናል። ከደረጃው ግርጌ ደግሞ መብራት የያዘ የኢትዮጵያዊ ልጅ ሐውልት አለ፤ አብዱላህ ይባላል፣ ዳባዲ ይዞት የመጣ ልጅ ነው። አክስቴ ፊቱ ቆሙ። «ይህን ልጅ ማን ቁጭ በል አለው?» ሥራው ጥሩ ነው፤ ፊቱ የሰው ፊት ነው። የቤቱን ጌታ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ይህም አብሮ ሊታይ ይገባል።

የምግብ አዳራሹ ወንበሮች ናቸው የዚህ ቤት ነገር። እያንዳንዱ መደገፊያ ላይ የእኛ ፊደል አለ። ወንበሮቹ በተራቸው ሲቀመጡ ፊደሎቹ ተያይዘው፣ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር እግዚአብሔርን የሚለምን ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። አስጎብኚዋ ይህን በፈረንሳይኛ ስታስረዳ አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ከወንበር ወንበር እየሄዱ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አስጎብኚዋ ንግግሯን አቋርጣ «ያነቡታል?» አለችኝ። «እሳቸውማ የቄስ ትምህርት ቤት ናቸው» አልኳት። ጀርባቸው ላይ ቦርሳ ያዘሉ ሁለት ሕፃናት እየተከተሉ የሚሉትን ይደግሙ ጀመር፤ አክስቴም ካስተማሩ አይቀር ብለው ድምፁን አስተካከሉላቸው። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «መሳፍንቱ ዘንድ የበላ ሰው እንዲህ ቢጽፍ አይፈረድበትም» አሉ።

ዳባዲ ቤቱን እንደ መሣሪያ አድርጎ ነው ያሠራው። የብርሃንን መታጠፍ ሊለካ ሲል፣ ሩን የተባለው ተራራ ጫፍ በመነጽር እንዲታይ ግድግዳዎቹን በአንድ መስመር አስበስቶ ነበር። አልሠራለትም። አላየሁም፣ አልተማርኩም የሚል በባስክ ቋንቋ አስቀረጸበት። ሳይንቲስት ክሽፈቱን በድንጋይ ሲጽፍ ያየሁት እዚህ ነው። በአንድ መስኮት ላይ አንድ ድንጋይ ይጎድላል፤ ናፖሊዮን ሦስተኛ መጥቶ ሊያኖር የታሰበው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1870 ወደቀ፤ ቦታው ዛሬም ክፍት ነው።

ዳባዲ ልጅ ስላልነበረው ቤቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አወረሰ፤ በ50 ዓመት ውስጥ የ500 ሺህ ከዋክብት ዝርዝር እንዲሠራበት ግን አሰረው። ቀሳውስት ሌሊት ሌሊት ሰማይ ሲቆጥሩበት ኖሩ፤ የምልከታው ሥራ እስከ 1975 ቀጠለ። በ1897 የሞተው ዳባዲና ሚስቱ ቪርዢኒ ከጸሎት ቤቱ ሥር ተቀብረዋል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7፤ ባቡር ላይ

አክስቴ ተኝተዋል። ከመተኛታቸው በፊት የትኛውን እንደወደዱ ጠየቅኋቸው፤ ለመኖር ሸኖንሶ፣ ለመሳቅ ሻምቦር፣ ለማንበብ አባዲያ አሉ። ቮ ለ ቪኮንትን አላነሡም፤ ጉልበታቸው አልረሳውም።

ዳባዲ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ ብራናዎች አባዲያ ውስጥ የሉም፤ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ብዙዎቹ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባሉ። ፈረንሳይ ያላችሁ፣ ቬርሳይ ወረፋ ላይ ከምትቆሙ አንድ በጋ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንዳይ ውረዱ። ሀሁ የቆጠረ ልጅ ካላችሁ ወንበሮቹን እሱ ያንብብላችሁ።